ቀይና ሮዝ ግንዶች በአኳሪየም ውስጥ፦ ከመትከል እስከ ማድመቅ

ደማቅ ቀይ ሆኖ የተገዛ የውሃ ተክል ወር ሳይሞላው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ባለቤቱ ወዲያው መብራቱን ይጠረጥራል። ጠንከር ያለ መብራት ይገዛል። ከዚያ አልጌ ገንዳውን ይወርሰዋል፤ ቀዩ ቀለም ግን አይመለስም። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ሲሆን ብዙ ሰው የሚጀምረው ግን ከእሱ ነው።

እዚህ የምንሄደው በሌላ መንገድ ነው። መጀመሪያ ተክሉ በጤና ይደግ። ቀጥሎ በመቀስ ቅርጽ ይያዝ። ከዚያ በኋላ ማድመቁ ቀላል ነው። በጤና የማያድግ ተክልን የሚያቀላ መብራትም ሆነ የጠርሙስ ማዳበሪያ የለም።

ባለ ግንድ ተክል የምንለው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድገውን፣ በየአንጓው ቅጠል የሚያወጣውን፣ ጫፉ ተቆርጦ ሲተከል አዲስ ሥር የሚያበጀውን ነው። ሮታላ፣ ሉድዊጂያ፣ አማኒያ፣ ባኮፓ፣ ሊምኖፊላና አልተርናንቴራ ከዚህ ወገን ናቸው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት። በኋላ የምትወስዱት ውሳኔ ሁሉ እዚህ ላይ ይመሠረታል።

ቀይ ቅጠል ውስጥም ክሎሮፊል አለ። ቀዩ የሚመጣው አረንጓዴውን ተክቶ ሳይሆን ከላዩ ተደርቦ ነው። በሮታላና በሉድዊጂያ ቅጠል ላይ ይህን ቀለም የሚሰጠው አንቶሳያኒን ይባላል። ተክሉ አንቶሳያኒንን እንደ ጃንጥላ ይጠቀምበታል፤ የበዛ ብርሃን ቅጠሉን እንዳይጎዳው ይከላከልለታል። ስለዚህ ብርሃን ሲበረታ ቀለሙ ይጨምራል። ሌላም ነገር አለ። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ እድገቱን ያዘገያል፣ በብርሃን የሠራው ስኳር ግን ይጠራቀማል፤ ያኔም አንቶሳያኒን በብዛት ይሠራል።

አልተርናንቴራ ግን ከዚህ ይለያል። የቀይ ሥር ቤተሰብ ነው፤ ቀለሙም እንደ ቀይ ሥሩ ቤታሳያኒን ነው። ቤታሳያኒን ደግሞ ራሱ ናይትሮጅን የያዘ ሞለኪውል ነው። ስለዚህ ሮታላን ለማቅላት ናይትሬት መቀነስ ይሠራል፤ አልተርናንቴራን በዚያ መንገድ ማስራብ ግን ጥቅም የለውም። ሁለቱን በአንድ ዘዴ ለማቅላት የሚደረገው ሙከራ የብዙ ሰው ድካም ምንጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅጠሉ የሠራው ቀለምና ዓይናችን የሚያየው ቀለም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ቀይ ቅጠል ቀይ ሆኖ የሚታየን ቀይ ብርሃን ሲያርፍበትና ሲመልሰው ነው። መብራቱ ቀይ ብርሃን ካነሰው ጤናማ ቀይ ቅጠልም ቡናማ መስሎ ይታያል። ተክሉን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ቅጠል አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

እርምጃ 1፦ ተክሉን መምረጥ

ለጀማሪ የሚሆኑት ሉድዊጂያ ሬፔንስ፣ ሉድዊጂያ ፓሉስትሪስ፣ ሮታላ ሮቱንዲፎሊያና ባኮፓ ካሮሊኒያና ናቸው። ከሉድዊጂያ ፓሉስትሪስ "ሱፐር ሬድ" የሚባለውን ዓይነት ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ በመካከለኛ ብርሃንም ይቀላል። ሮቱንዲፎሊያ በደካማ ብርሃን አረንጓዴ ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ጫፉ ሮዝና ብርቱካናማ ይሆናል። ባኮፓ ካሮሊኒያና ደግሞ ወደ መዳብ ቀለም ያደላል።

ትንሽ ልምድ ላለው ሮታላ ህራ፣ ሉድዊጂያ አርኳታ፣ ሊምኖፊላ አሮማቲካና አልተርናንቴራ ሬይኔኪ ጥሩ ናቸው። አልተርናንቴራ "ሚኒ" አጭር ስለሆነ ከረጃጅሞቹ ፊት ይተከላል። ዝግ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ ቅጠሉ ላይ አልጌ ቶሎ ይይዘዋል። ቀጥታ ከመብራቱ ሥር አታድርጉት፤ ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ ይበል።

ከባዶቹ ሮታላ ማክራንድራ፣ ሮታላ ዋሊቺ፣ ፖጎስቴሞን ስቴላተስ፣ አማኒያ ፔዲሴላታ "ጎልደን" እና ሉድዊጂያ "ኩባ" ናቸው። ማክራንድራ ያማረ ነው፤ ሰፋ ያለ ለስላሳ ቅጠሉ እንደ ደም ይቀላል። ግን ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲዋዥቅ፣ ውሃ ሲለዋወጥ፣ እጅ ሲበዛበት ወዲያው ያኮርፋል። ገንዳችሁ ወራት ቆይቶ ሲረጋጋ ግዙት። ዛሬ ለተሞላ ገንዳ አይሆንም።

ስትገዙ ብዙ ዓይነት ከምትሰበስቡ ጥቂት ዓይነት በብዛት ያዙ። ሦስት ባለ ቀለም ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ግንድ፣ ለመካከለኛ ገንዳ ጥሩ መነሻ ነው። ከእነሱ ጋር ቶሎ የሚያድግ አረንጓዴ ተክል የግድ ጨምሩ። አረንጓዴው ሁለት ሥራ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትርፍ ንጥረ ነገር ይመጥጣል፤ ሲያድግ ደግሞ ቀዩን ያጎላዋል። ከቀይ አጠገብ ሌላ ቀይ ሲቆም ሁለቱም ይደበዝዛሉ። የደች (የኔዘርላንድስ) ስታይል የሚባለው የአኳሪየም አሠራር በዚህ የታወቀ ነው፤ ጎን ለጎን የሚቆሙት ተክሎች በቀለም፣ በቅጠል ቅርጽና በቁመት እንዲለያዩ ይደረጋል።

የሚሸጡ ተክሎች አብዛኞቹ ያደጉት ሥራቸው ብቻ ርሶ፣ ቅጠላቸው አየር ላይ ሆኖ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የአየሩ ቅጠል ይበሰብሳል፤ አዲስ የውሃ ቅጠልም ከጫፍ ይወጣል። ይህ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። የድሮው ቅጠል ሲረግፍ አትደንግጡ፤ እያነሳችሁ አውጡት፣ ዓይናችሁን ግን ጫፉ ላይ አድርጉ። ጫፉ ካደገ ተክሉ ተርፏል። በጄል ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጡት ደግሞ ከቀንድ አውጣና ከአልጌ ነፃ ናቸው። ጄሉን በደንብ አጥባችሁ ትከሏቸው።

እርምጃ 2፦ ወለልና ውሃ

ለእነዚህ ተክሎች ምርጡ ወለል አኳሶይል የሚባለው፣ ከተጠበሰ ሸክላ አፈር የተሠራ ድቡልቡል ነው። ንጥረ ነገር ይዞ ለሥሩ ቀስ እያለ ይሰጣል፣ ውሃውንም ያለሰልሳል። ከፊት 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ አዘቅዝቁት። አዲስ አኳሶይል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ይለቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ዓሣ አታስገቡ።

አሸዋም ይሠራል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ ጠጠር ምረጡ፤ ሥሩ አጠገብም የማዳበሪያ እንክብል ቅበሩ። ምግቡ ሁሉ ከእናንተ እጅ ስለሚጠበቅ ግን ማዳበሪያ መርሳት አይቻልም።

ውሃን በተመለከተ ጂኤች ማለትም የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ቢሆን ለአብዛኞቹ ይስማማል። ሉድዊጂያና ሮቱንዲፎሊያ ከዚያ በላይም ይችላሉ። ማክራንድራና ዋሊቺ ኬኤች ማለትም የካርቦኔት መጠን ዝቅ ያለበትን ለስላሳ ውሃ ይመርጣሉ። ሙቀቱ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ተክሉ በጥድፊያ ያድጋል፣ ግንዱ ይረዝማል፣ ውሃው የሚይዘው ጋዝም ይቀንሳል።

እርምጃ 3፦ መትከል

ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቀኑን ለእሱ ስጡ።

ወለሉን በውሃ አርሱት፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ይኑርበት። በሞላ ገንዳ ውስጥ መትከል ይቻላል፤ ግን ተክሉ እየተነቀለ ይንሳፈፋል። የምትተክሉትን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ አቆዩት፤ ለአፍታም ቢሆን መድረቅ የለበትም።

ተክሉን ከማሰሮው አውጡና ሥሩን የያዘውን ጥጥ መሳይ ነገር ሙሉ በሙሉ ልቀሙ። ከዚያ ግንዶቹን አንድ በአንድ ለያዩ። በጥቅል የተተከለ ግንድ መሐሉ ላይ ብርሃንም ውሃም አያገኝም፤ ከታች ይበሰብሳል። እያንዳንዱን ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከአንጓ በታች ቁረጡ። ከታች ያሉትን ሁለት አንጓዎች ቅጠል አራግፉ። አዲሱ ሥር የሚወጣው ከእነዚህ አንጓዎች ስለሆነ ሁለቱም አፈር ውስጥ መግባት አለባቸው።

ረዥምና ቀጭን ወረንጦ ያስፈልጋችኋል። ግንዱን ከታች ጫፉ ያዙት፣ ወረንጦውን ትንሽ አዘንብላችሁ ወደ አፈሩ አስገቡ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይጥለቅ። ከዚያ ወረንጦውን በቀስታ ከፈት አድርጋችሁ በመጣበት አቅጣጫ ሳቡት። ቀጥ አድርጋችሁ ከሰካችሁት ግንዱ ተከትሎት ይወጣል። በግንድና በግንድ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ቅጠለ ሰፊ ለሆኑት፣ ለምሳሌ ለማክራንድራ፣ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይሻላል። በቀጥታ መስመር ሳይሆን በሦስት ማዕዘን እየዘረጋችሁ ትከሉ።

ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት ይሁኑ። የባለ ግንድ ተክል የታችኛው ክፍል ጥላ ስለሚበዛበት ዞሮ ዞሮ ቅጠሉን ይጥላል። ይህን ራቁት እግር በአጭር ተክል ወይም በድንጋይ ከአሁኑ የምትሸፍኑበትን ቦታ አስቡ። ስትጨርሱ አፈሩ ላይ ሳህን ወይም ፕላስቲክ አንጥፋችሁ ውሃውን በዝግታ ሙሉ።

እርምጃ 4፦ ካርቦን

መብራት ከማንሳቴ በፊት ካርቦንን ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። የተክል ደረቅ ክብደት ከ40 በመቶ በላይ ካርቦን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ እጅግ ዝግ ብሎ ስለሚሰራጭ ተክሉ ቶሎ የሚራበው እሱን ነው። ካርቦን ሳይስተካከል ብርሃን መጨመር አልጌን ግብዣ መጥራት ነው።

የሚፈለገው መጠን በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነው። የጋዝ ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ)፣ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) እና ዲፊዩዘር (ጋዙን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚበትን) ያለው መሣሪያ ከሁሉም ይመረጣል፤ መጠኑ ቀን ከቀን አይለዋወጥምና። በእርሾና በስኳር የሚሠራው ለትንሽ ገንዳ ይሆናል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ይበረታል፣ ኋላ ይደክማል፣ መዋዠቁም ለአልጌ በር ይከፍታል። ጋዙ መብራቱ ከመከፈቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት ይጀምር፣ መብራቱ ሊጠፋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋ። ሌሊት ተክሉ ኦክሲጅን እየወሰደ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ጋዝ ሌሊት መክፈት ዓሣውን ማፈን ነው።

መጠኑን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ድሮፕ ቸከር ነው፤ ገንዳው ውስጥ የሚሰቀል፣ የጋዙን መጠን በቀለም የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ። ውስጡ የሚገባው ኬኤቹ 4 የሆነ የተዘጋጀ ውሃና አመልካች ፈሳሽ እንጂ የገንዳው ውሃ አይደለም። ሰማያዊ ከሆነ ያንሳል፣ አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል። ለውጡን የሚያሳየው ዘግይቶ ስለሆነ ጋዝ ጨምራችሁ ወዲያው አትፍረዱ። ሁለተኛው መንገድ ፒኤች ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው። ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታችሁ ጋዙ እንዲወጣ ለ24 ሰዓት አስቀምጡና ፒኤቹን ለኩ። የገንዳው ፒኤች መብራት ሲበራ ከዚህ በ1 ያህል ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጥሩ ቦታ ላይ ናችሁ።

ከመለኪያ ሁሉ በላይ የምትሰሙት ግን ዓሣዎቹን ነው። ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ጋዙን ወዲያው ዝጉ፣ የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ነገር አድርጉ፣ ውሃ ቀይሩ። መጠኑን ስታስተካክሉም ቤት በምትውሉበት ቀን ይሁን።

ጋዝ የሌለው ሰው ተስፋ ይቁረጥ ማለቴ አይደለም። ሉድዊጂያ ሬፔንስ፣ ሮቱንዲፎሊያና ባኮፓ ያለ ጋዝም ያድጋሉ። ብርሃኑን መካከለኛ አድርጉ፣ ማዳበሪያውን ቀንሱ፣ የምትጠብቁትም መዳብና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሁን። "ፈሳሽ ካርቦን" ተብሎ የሚሸጠው የጠርሙስ ምርት በአብዛኛው ግሉታራልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ነው። አልጌን ለማጥፋት ይሠራል፤ የጋዝ ምትክ ግን አይደለም።

እርምጃ 5፦ መብራት

የብርሃን ብርታት በፓር ይለካል፤ ፓር ማለት ተክል ምግብ ለመሥራት የሚጠቀምበት የብርሃን መጠን ነው። ወለሉ ላይ ከ30 እስከ 50 ማይክሮሞል ለቀላሎቹ ይበቃል። ለደማቅ ቀይ ከ80 እስከ 120 ያስፈልጋል። መለኪያ ከሌላችሁ ራሱ ተክሉ ይነግራችኋል። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ከረዘመና ግንዱ ወደ ላይ ከተመዘዘ ብርሃን አንሶታል። አንጓዎቹ ከተቀራረቡና ተክሉ ወደ ጎን መተኛት ከጀመረ ብርሃኑ በቂ ነው። ሮታላ ህራ በጠንካራ ብርሃን መሬት ለመሬት መሳብ ይወዳል።

ብርሃኑ የሚቀናነስ ኤልኢዲ ግዙ። ነጭ ብቻ ከሆነው ይልቅ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አምፖሎች ያሉትን እመርጣለሁ፤ ቀዩን ለዓይን አጉልቶ ያሳያልና። በመጀመሪያ ሳምንታት ከሙሉ አቅሙ ግማሽ ላይ፣ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ይብራ። ተክሉ ሥር ሲይዝ እስከ 8 ሰዓት አድርሱት። ከዚያ በላይ ማስረዘም ቀለም አይጨምርም። ታይመር የግድ ነው፤ በእጅ የሚበራ መብራት ሰዓቱን አይጠብቅም።

እርምጃ 6፦ ማዳበሪያ

ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ሕግ አለ፦ እድገትን የሚወስነው ከሁሉም ያነሰው ንጥረ ነገር ነው። አንዱ ከጎደለ የሌላው መብዛት አያካክሰውም።

ጤናማ እድገት ላይ ለማድረስ በሊትር ናይትሬት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ከ1 እስከ 2፣ ፖታሲየም ከ10 እስከ 20 ያዙ። ብረትና ሌሎቹ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች በትንሽ በትንሹ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይገቡ። የተዘጋጀ ጠርሙስ ከገዛችሁ በመመሪያው ግማሽ መጠን ጀምሩ። በደረቅ ጨው መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ናይትሬቱን በሊትር 6 ሚሊ ግራም፣ ፖታሲየሙን ወደ 4 ሚሊ ግራም ያህል ይጨምራል። 1 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት ደግሞ ፎስፌቱን 7 ሚሊ ግራም ስለሚያደርስ ከእሱ በጣም ትንሽ ብቻ ነው የሚፈለገው። ፎስፌቱንና ብረቱን በአንድ ሰዓት አትጨምሩ፤ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ አድርጉት።

በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ግማሽ ውሃ የሚቀየርበት ገንዳ ውስጥ ማዳበሪያ፣ ተክሉ ምንም ባይበላ እንኳ፣ ከሳምንቱ መጠን እጥፍ በላይ ሊጠራቀም አይችልም። ለዚህ ነው በየቀኑ መለካት የማያስፈልገው።

አንድ የሰፋ እምነት አለ፦ ብረት ቀይ ያደርጋል ይባላል። ብረት ለክሎሮፊል መሠራት ያስፈልጋል፤ ሲጎድል አዲሱ ቅጠል ይገረጣል። ቀዩ ቀለም ውስጥ ግን ብረት የለም። ተክሉ የሚበቃውን ካገኘ በኋላ የምትጨምሩት ብረት ቅጠሉን ከበፊቱ ይልቅ አያቀላውም።

እርምጃ 7፦ መከርከም

ስለ መብራትና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ይወራል። የሚያምር ገንዳን ከማያምረው የሚለየው ግን በአብዛኛው መቀሱ ነው። ስለታም መቀስ ያስፈልጋል። የደነዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ይበሰብሳል።

የመጀመሪያውን ክርከማ ተክሉ ከውሃው ገጽ ሊደርስ ሲል አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት በኋላ። እንዲደርስ ከምትፈልጉት ቁመት በሲሶ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከአንጓ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ለመቁረጥ አትሳሱ። በተቆረጠው ሥር ካለው አንጓ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀንበጥ ይወጣል። የሚቀጥለውን ክርከማ ከበፊቱ ቦታ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱም ስምንት። በሦስተኛው ክርከማ ላይ ጥቂት ግንድ የነበረው ቦታ ቁጥቋጦ ይሆናል። ያኔ ጫፎቹ ሁሉ ለብርሃን ይጋለጣሉ፤ የሚቀላው ደግሞ ጫፉ ነው። የክርከማና የቀለም ዝምድና ይሄ ነው።

ቅርጹን እንደ ሣር ጠፍጣፋ አታድርጉት። መሐሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ አድርጋችሁ ጉብታ አስመስሉት። የፊተኞቹ ግንዶች ከኋለኞቹ ሲያጥሩ ብርሃን እስከ ታች ይገባል፣ ራቁት እግሩም ይሸፈናል።

ይህ ዘዴ ለሮታላ ሮቱንዲፎሊያ፣ ለህራና ለሉድዊጂያ ጥሩ ነው። ማክራንድራ፣ አማኒያና ፖጎስቴሞን ግን ተደጋጋሚ ቁርጥን አይወዱም፤ ከጎን የሚወጣው ቀንበጥ እየቀጨጨ ይሄዳል። ለእነሱ የሚሻለው ያማረውን ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ እንደገና መትከል፣ የድሮውን ግንድ ማስወገድ ነው። ሮታላውም ቢሆን ከአራት ከአምስት ክርከማ በኋላ ታችኛው ያረጃል፣ ይጠነክራል፣ ቀንበጡም ይደክማል። ያን ጊዜ ጫፎቹን መልምላችሁ በአዲስ ትከሉ።

አሮጌውን ስታስወግዱ በኃይል አትንቀሉት። ከአፈር ጋር የተጠላለፈ ሥር ሲነቀል የተቀበረውን ሁሉ ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ አሞኒያም ይነሳል። ግንዱን ከወለሉ ልክ ቆርጣችሁ ሥሩን እዚያው ተዉት። ሁሉንም ተክል በአንድ ቀን መከርከምም ጥሩ አይደለም። ዛሬ ግራውን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቀኙን። ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ከተወገደ ማዳበሪያውን የሚበላ ስለማይኖር አልጌ ቦታውን ይይዛል። ከክርከማ በኋላ የተንሳፈፈውን ልቀሙና ግማሽ ውሃ ቀይሩ።

እርምጃ 8፦ ማድመቅ

አሁን ደረስን። ገንዳው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከሆነው፣ አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ከሆነና አልጌው ከተረጋጋ ቀለሙን መግፋት ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ምን እንደሠራ አይታወቅም።

በብርሃን ጀምሩ። ብርታቱን በ10 በመቶ ከፍ አድርጉ፣ ሰዓቱን አትንኩ። መስታወቱ ላይ አልጌ ከበፊቱ ቶሎ ካልያዘ በሁለት ሳምንቱ ሌላ 10 በመቶ ጨምሩ። አልጌ ሲጀምር አንድ እርከን ተመለሱ፤ የእናንተ ገንዳ ልክ እዚያ ነው።

ቀጥሎ ናይትሬት። ይህ ለሮታላ ነው። በሊትር ወደ 5 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጉት። ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ጥቃቅኖቹ እንዳሉ ይቀጥሉ። አኳሶይል ካላችሁ ሥሩ ከታች ስለሚመገብ ተክሉ ሳይጎዳ ይቀላል። በአሸዋ ላይ ግን ገደሉ ቅርብ ነው። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከረገፈ፣ ጫፉም ካነሰ አልፋችሁታል፤ መልሱት። ዜሮ ናይትሬት ዓላማ አይደለም። ገንዳው ውስጥ አልተርናንቴራና አማኒያ ከበዙ ደግሞ ይህን እርከን ዝለሉት። ለእነሱ ጥሩ ምግብ፣ የተረጋጋ ጋዝና ብርሃን ይበቃቸዋል።

ተክሉ ሲያኮርፍ

ምልክቱን ለማንበብ አንድ ጥያቄ ብዙ ይረዳል፦ የታመመው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚጎዳው አሮጌው ነው። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንድ ቦታ ከገቡ አይንቀሳቀሱም፤ ጉድለታቸው የሚታየው አዲሱ ላይ ነው።

በዚህ መሠረት አሮጌው ቅጠል እኩል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅንን ጠርጥሩ። አሮጌው ላይ ትናንሽ ቀዳዳና የተቃጠለ ጠርዝ ካለ ፖታሲየምን። አዲሱ ቅጠል ከገረጣ፣ ደም ሥሩ ግን አረንጓዴ ከሆነ ብረትን። ጫፉ ተጨማድዶ እድገቱ ከቆመ ግን ወደ ማዳበሪያው ከመሮጥ በፊት ጋዙን እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጋዝ መዋዠቅ ነው። የታችኛው ቅጠል ብቻ ከረገፈና የላይኛው ካማረ ምክንያቱ ጥላ ነው፤ መፍትሔውም መቀስ ነው።

አልጌም የራሱ ንባብ አለው። መስታወት ላይ የሚጣበቅ ደረቅ አረንጓዴ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ፎስፌት ሲያንስ ይበዛል። ጥቁር ጢም የሚመስለው ጋዝ በሚዋዥቅበትና ቆሻሻ በሚጠራቀምበት ገንዳ ይመጣል። አረንጓዴ ክር የበዛበት ገንዳ ደግሞ ብርሃኑ ከተክሉ አቅም በልጧል ማለት ነው። በማናቸውም ላይ የመጀመሪያው ሥራ የተያዘውን ቅጠል ቆርጦ ማውጣት፣ ብርሃኑን መቀነስና ውሃ መቀየር ነው። የተጎዳ ቅጠል አይድንም፤ መዳኑን የሚያሳየው አዲሱ ነው።

ገንዳው ሲሰምር ቁርጥራጩ ብዙ ይሆናል። ጤናማውን ጫፍ ለሌላ አሳዳጊ ስጡ። የቀረውን በፀሐይ አድርቃችሁ ከቆሻሻ ወይም ከብስባሽ ጋር ጣሉ፤ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ግን ፈጽሞ አትጣሉት። ባለ ግንድ ተክል ከአንድ አንጓ ይነሳል። ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማና ሊምኖፊላ ሴሲሊፍሎራ አሜሪካ ውስጥ ከአኳሪየም አምልጠው ወንዞችን ስለወረሩ በፌዴራል ደረጃ በጎጂ አረም ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የምትቀይሩትን ውሃም ወደ ጅረት ሳይሆን አትክልት ላይ ድፉት፤ ናይትሬትና ፎስፌት ያለበት በመሆኑ ለአትክልቱ ይጠቅመዋል።